ትልቁ ቁጥር፦ 4,294,967,297

የዛሬው የሒሳብ አምዳችን የሚያወራው ስለ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። «ስለ አንድ ቁጥር ይኼን ሁሉ ገጽ ምን ይጻፋል?» እንዳትሉ። በዚህ ቁጥር የተነሳ በዘመኑ አለ የተባለ የሒሳብ ሰው ተረትቷል፣ ሌላው ስሙን አስጠርቷል፣ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ደግሞ የለንደንን አዋቂዎች አፍ አስይዟል። ቁጥሩ ይኸውላችሁ፦

4,294,967,297

ሲነበብ አራት ቢሊዮን ሁለት መቶ ዘጠና አራት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት ይባላል። መጽሔታችን በእጅ የሚጻፍ ስለሆነ፣ አሥሩን አሃዝ ደጋግሞ መጻፍም እስክሪብቶና ትዕግሥት ስለሚጨርስ፣ ከዚህ በኋላ «ትልቁ ቁጥር» እያልን እንጠራዋለን።

ምን ያህል ትልቅ ነው? በየሰከንዱ አንድ ቁጥር እየጠራችሁ፣ ሳትተኙ፣ ሳትበሉ፣ ሳታርፉ ብትቆጥሩ 136 ዓመት አይበቃችሁም። ከዚያ በኋላም ጥቂት ሳምንታት ይቀራችኋል። ስምንት አሃዝ ብቻ በምታሳየው ትንሿ ካልኩሌተር ልጻፈው ብትሉ አይገባም። ስለዚህ ዛሬ ወረቀትና እርሳስ ነው የምንይዘው። እየሠራችሁ አንብቡ፤ ዝም ብላችሁ ካነበባችሁት ግማሹ ያመልጣችኋል።

በግእዝ ቁጥር መጻፍ ለምትወዱ ደግሞ እግረ መንገዴን ልንገራችሁ። ከቀኝ ጀምራችሁ ሁለት ሁለት አሃዝ ቁረጡት፦ 42፣ 94፣ 96፣ 72፣ 97። ከዚያ በየመካከሉ ከቀኝ ወደ ግራ ፻ እና ፼ን እያፈራረቃችሁ አስገቡ። እንዲህ ይመጣል፦ ፵፪፼፺፬፻፺፮፼፸፪፻፺፯። የግእዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ትልቁ ቁጥራችንም ከአሥሩ አሃዞቹ አንዱም ዜሮ አይደለም። ተስማምተዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ከ2 ነው የተወለደው። 2ን ያዙ፣ በራሱ አባዙት፣ የመጣውን ደግሞ በራሱ አባዙት፣ እንዲህ እያላችሁ ቀጥሉ። በየደረጃው ከደረሳችሁበት ቁጥር ላይ አንድ ጨምራችሁ ጎን ላይ ጻፉ፦

2 ሲደመር 1 = 3
2 × 2 = 4፣ ሲደመር 1 = 5
4 × 4 = 16፣ ሲደመር 1 = 17
16 × 16 = 256፣ ሲደመር 1 = 257
256 × 256 = 65,536፣ ሲደመር 1 = 65,537
65,536 × 65,536 = 4,294,967,296፣ ሲደመር 1 = 4,294,967,297

ልብ በሉ፤ ገና ስድስተኛው መስመር ላይ ነን። አንድ ብሎ የጀመረ ነገር እጥፍ እጥፍ ሲሆን እንዴት እንደሚሮጥ በሳንቲም ብናየው ይገባናል። አንድ ሰው አንድ ሳንቲም ቢኖረውና በየቀኑ እጥፍ ቢሆንለት፣ ማለትም 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ ቢሄድ፣ በ32ኛው እጥፍ 4,294,967,296 ሳንቲም ይኖረዋል። በብር ሲመነዘር 42,949,672 ብር ከ96 ሳንቲም ነው። በአንድ ወር ከሁለት ቀን ከአንድ ሳንቲም ተነስቶ ከ42 ሚሊዮን ብር በላይ! ትልቁ ቁጥራችን ከዚህ ገንዘብ በአንድ ሳንቲም ብቻ ይበልጣል።

ከ17 ጀምሮ ያሉት ሁሉ በ7 እንደሚያልቁም አይታችኋል? 17፣ 257፣ 65,537፣ ትልቁ ቁጥርም። ምክንያቱ ቀላል ነው። በ6 የሚያልቅ ቁጥር በራሱ ሲባዛ፣ 6 በ6 ሠላሳ ስድስት ስለሆነ፣ መልሶ በ6 ያልቃል። አንድ ሲጨመር 7። ይህ ማለቂያ የሌለው ሰልፍ ነው፤ እስከፈለጋችሁበት ብትሄዱ 7 አይጠፋም።

ነገሩ የተጀመረው ፈረንሳይ አገር ነው። ፒየር ደ ፌርማ የሚባል ሰው ነበር። እንጀራው ሕግ ነው፤ ቱሉዝ በምትባል ከተማ የፍርድ ቤት ሰው ነበር። ሒሳብን የሚሠራው በትርፍ ጊዜው ነው፤ ግን ምን ያደርጋል፣ በትርፍ ጊዜው የሠራው የብዙዎችን የሙሉ ጊዜ ሥራ ያስንቃል። እ.ኤ.አ. በ1640 ለወዳጆቹ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ስለዚህ የቁጥሮች ሰልፍ አነሳ። 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 አምስቱም ከአንድና ከራሳቸው በስተቀር ሌላ አካፋይ የላቸውም። እንዲህ ያለውን ቁጥር በእንግሊዝኛ የሚማሩት ፕራይም ይሉታል፤ እኛ እዚህ «ብቸኛ ቁጥር» እንበለው። ለምሳሌ 15 ብቸኛ አይደለም፤ 3 በ5 ነውና። 17 ግን ብቸኛ ነው፤ በምንም አይሰበርም።

ፌርማ ታዲያ፣ አምስቱ ብቸኛ ከሆኑ ስድስተኛውም፣ ሰባተኛውም፣ ከዚያ በኋላ ያለውም ሁሉ ብቸኛ ነው ብሎ አመነ። ማረጋገጫ እንደሌለው ግን ራሱ ጽፏል፤ ይኼን አለመደበቁን እኔ በጣም ነው የማከብርለት። ቢሆንም ስሙ ትልቅ ስለነበር ሰው ሁሉ ቃሉን ይዞ ቆየ። ትልቁ ቁጥርም «ብቸኛ ነው» ተብሎ ተቀመጠ። ፌርማ በ1665 ሲሞት ጥያቄው ገና እንደተዘጋ ነበር።

እኛስ ክፍል ውስጥ እንዲሁ አይደለም የምናደርገው? መምህሩ «ይህ ሁልጊዜ ይሠራል ወይ?» ሲሉ ሦስት ምሳሌ እንሞክርና «አዎ ይሠራል!» ብለን እጅ እናወጣለን። ፌርማ እንኳ አምስት ነበረው።

እስቲ እኛ እንደማናውቅ ሆነን ትልቁን ቁጥር እንፈትሸው። በማካፈል ሕጎቻችን እንጀምር። መጨረሻው 7 ስለሆነ ለ2 አይካፈልም፤ ለ5ም ለ10ም አይካፈልም። ለ3 ለማየት አሃዞቹን እንደምር፦ 4+2+9+4+9+6+7+2+9+7 = 59። 59 ለ3 ሲካፈል 2 ስለሚቀር ትልቁ ቁጥርም ለ3 ሲካፈል 2 ይቀራል። ለ7 ብታካፍሉት 5 ይቀራል። ለ11ም 5 ይቀራል። ለ13 ደግሞ 10። እስካሁን ፌርማ እያሸነፈ ነው።

ቀጥለን ማካፈላችን አይቀርም፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ የሚያምር ነገር ላሳያችሁ። የትልቁን ቁጥር ጎረቤቶች እንያቸው። ከበታቹ አንድ ዝቅ ያለው 4,294,967,296 ነው፤ እሱ ሠላሳ ሁለት ጊዜ 2 ብቻ ነው፣ ሌላ ነገር የለበትም። አንድ ደግሞ ዝቅ ብንል 4,294,967,295ን እናገኛለን። ይህን ቁጥር ለመበተን ትንንሾቹን እንመልከት፦

4 × 4 = 16፣ በግራና በቀኝ ያሉት ደግሞ 3 × 5 = 15
16 × 16 = 256፣ በግራና በቀኝ 15 × 17 = 255
256 × 256 = 65,536፣ በግራና በቀኝ 255 × 257 = 65,535

ገባችሁ አይደል? አንድን ቁጥር በራሱ ከማባዛት ፋንታ አንድ ዝቅ ያለውን በአንድ ከፍ ያለው ብታባዙት ውጤቱ ሁልጊዜ በ1 ያንሳል። እንግዲያው 65,535 × 65,537 = 4,294,967,295 ነው። 65,535 ደግሞ 255 በ257፣ 255 ደግሞ 15 በ17፣ 15 ደግሞ 3 በ5። ሁሉንም ስንሰበስብ፦

4,294,967,295 = 3 × 5 × 17 × 257 × 65,537

አምስቱ የፌርማ ብቸኛ ቁጥሮች አንድ ላይ ተሰብስበው ቆመዋል! ትልቁ ቁጥር ከዚህ በ2 ስለሚበልጥ፣ ለ3፣ ለ5፣ ለ17፣ ለ257 ወይም ለ65,537 ብታካፍሉት ሁልጊዜ 2 ይቀራል። አምስቱን ባንድ ጊዜ ከፈተና አወጣናቸው። ሦስቱ ጎረቤቶች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ አምስት የተለያዩ ብቸኛ ቁጥሮች፣ አንዱ ሠላሳ ሁለት 2፣ ሦስተኛውስ? ጥያቄው እሱ ነው።

እስከየት ድረስ ነው መሞከር ያለብን? አካፋዮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚሄዱት። 15 ውስጥ 3 ካለ ጓደኛው 5 አለ። ሁለቱም ከ65,536 የሚበልጡ ቢሆኑ ብዜታቸው ከትልቁ ቁጥር ያልፋል። ስለዚህ አካፋይ ካለ ቢያንስ አንዱ ከ65,536 አይበልጥም። እስከዚያ ድረስ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 6,542 ናቸው። 6,542 ጊዜ ረጅም ማካፈል! ለ65,537 ግን እስከ 256 ያሉትን 54 ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል፤ ከአምስተኛው ወደ ስድስተኛው ሲኬድ ሥራው እንዴት እንደከበደ ከዚህ ታያላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1729 ክርስቲያን ጎልድባክ የሚባል የሒሳብ ሰው ጥያቄውን ሌዎናርድ ኦይለር ለተባለ ወጣት በደብዳቤ አነሳለት። ኦይለር በ1707 ባዝል በምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ የተወለደ ነው፤ ያን ጊዜ ሩሲያ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ፣ ፒተርስበርግ በምንላት ነበር የሚሠራው። በ1732 መልሱን ይዞ መጣ። ትልቁ ቁጥር ብቸኛ አይደለም፤ ለ641 ያለ ቀሪ ይካፈላል! ፌርማ ከጻፈው ከ92 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ኦይለር ያኔ ገና 25 ዓመቱ ነበር።

ኦይለር መጀመሪያ ላይ እንዴት እንዳገኘው አልዘረዘረም፤ ቆይቶ በሌላ ጽሑፍ ነው መንገዱን ያሳየው። ያረጋገጠው ነገር ይህ ነው፦ ትልቁን ቁጥር ያለ ቀሪ የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ካለ፣ ከላዩ 1 ሲቀነስ የ64 ብዜት መሆን አለበት። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ገና ያልደረስንበት ትምህርት ይፈልጋል፤ ከፍ ስትሉ ታገኙታላችሁ። ጥቅሙን ግን አሁኑኑ እንየው። ከ64 ብዜቶች ላይ 1 እየጨመርን እንጻፍ፦

65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321፣ 385፣ 449፣ 513፣ 577፣ 641

ከእነዚህ 65 እና 385 ለ5 ይካፈላሉ፤ 129፣ 321 እና 513 ደግሞ ለ3። ብቸኛ ስላልሆኑ ሰርዟቸው። 257ን ቅድም 2 ይቀራል ብለን ጨርሰናል። የቀሩት 193፣ 449፣ 577 እና 641 ብቻ ናቸው። 6,542 የነበረው ፈተና አራት ሆነ! በእኔ አስተያየት ከመልሱ ይልቅ የሚደነቀው ይህ ነው። ሰውዬው በጉልበት አይደለም ያሸነፈው፤ ከመቁፈሩ በፊት የት እንደሚቆፍር አሰበ።

አሁን አራቱን እኛው እንፈትናቸው። አሥር አሃዝ ያለውን ቁጥር ማካፈል አያስፈልገንም፤ ቀሪዎችን ብቻ ይዘን መሄድ እንችላለን። ዘዴውን በትንሽ ቁጥር ልመድላችሁ። 17 ለ5 ሲካፈል 2 ይቀራል። 17 በ17 289 ነው፤ ለ5 ሲካፈል 4 ይቀራል። 4 ደግሞ 2 በ2 ነው። አያችሁ? ቁጥሩ በራሱ ሲባዛ ቀሪውም በራሱ ይባዛል፤ የተቀረው ክፍል ሁሉ በ5 የተሞላ ስለሆነ ምንም አይተርፈውም። የቀሪው ብዜት ከአካፋዩ ከበለጠ ደግሞ መልሰን እናካፍለዋለን።

193ን እንሞክር። 256 ለ193 ሲካፈል 63 ይቀራል። 63 × 63 = 3,969፤ ይህ ለ193 ሲካፈል 109 ይቀራል። ስለዚህ የ65,536 ቀሪ 109 ነው። 109 × 109 = 11,881፤ ለ193 ሲካፈል 108 ይቀራል። ትልቁ ቁጥር ላይ አንድ አለና 108 ሲደመር 1፣ 109። ዜሮ አልሆነም፤ 193 ወደቀ። በዚሁ መንገድ 449 ላይ 325፣ 577 ላይ ደግሞ 288 ይቀራል። እነዚህን ሁለቱን እናንተ ሠርታችሁ አመሳክሩ።

አሁን 641። 256 ከ641 ስለሚያንስ እንዳለ ይቆያል። 256 × 256 = 65,536። 641 × 102 = 65,382፤ ስለዚህ 154 ይቀራል። 154 × 154 = 23,716። 641 × 36 = 23,076፤ 640 ይቀራል። ትልቁ ቁጥር ላይ ያለችውን አንዷን ጨምሩ፦ 640 ሲደመር 1 = 641። ልክ ሞላ! ቀሪ የለም።

ለ92 ዓመት ተዘግቶ የነበረው ጥያቄ በአራት መስመር ተከፈተ። ላላመነ ሰው ደግሞ ማባዛቱ ይኸው፦

6,700,417 × 600 = 4,020,250,200
6,700,417 × 40 = 268,016,680
6,700,417 × 1 = 6,700,417
ድምር = 4,294,967,297

ስለዚህ ትልቁ ቁጥር 641 × 6,700,417 ነው። ሁለቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከዚህ በላይ አይበተንም። ሦስተኛው ጎረቤት ሁለት ክፍል ብቻ ነው ያለው፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ግዙፍ።

641 ራሱም ቆንጆ ቁጥር ነው። 5 × 5 × 5 × 5 = 625 ነው፤ 2 × 2 × 2 × 2 ደግሞ 16። ሲደመሩ 641። በሌላ በኩል 5 × 128 = 640፣ ሲደመር 1፣ 641። በ5 እና በ2 ብቻ በሁለት መንገድ የሚሠራ ቁጥር ነው።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ብቸኛ ቁጥሮችን 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እያልን ብናሰልፋቸው 641 በሰልፉ 116ኛ ነው። ፌርማ የኦይለርን አቋራጭ ባያውቅ እንኳ ተራ በተራ እያካፈለ ቢሄድ በ116ኛው ሙከራ ይደርስበት ነበር። አንዱ ማካፈል አምስት ደቂቃ ቢፈጅ 580 ደቂቃ ነው፤ 9 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። አንድ ቀን ሙሉ የማይሞላ ሥራ!

የልጁን ነገር ቃል ገብቼ ነበር። ዜራህ ኮልበርን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1804 አሜሪካ፣ ቬርሞንት ውስጥ ተወለደ። ትምህርት ሳይገባው በፊት በቃሉ ትልልቅ ቁጥሮች ያባዛ ነበር። አባቱ ይኼን ሲያይ ከቦታ ቦታ ይዞት እየዞረ ለሰው ያሳየው ጀመር፤ ባሕር ተሻግሮም ለንደን ወሰደው። እዚያ ይኼንኑ ትልቅ ቁጥር ሰጡትና አካፋዮቹን ጠየቁት። ልጁ ስምንት ዓመቱ ነበር። ወረቀት ሳይዝ፣ እርሳስ ሳይነካ፣ በጭንቅላቱ ብቻ 641 በ6,700,417 ብሎ መለሰ። ፌርማ ያልደረሰበትን፣ ኦይለር የታወቀበትን! እኔን የሚያሳዝነኝ ልጁ እንደ ትርዒት ይዞ መዞር እንጂ እንደ እኛ ተረጋግቶ ቁጭ ብሎ መማር በጊዜው አለማግኘቱ ነው። ሲያድግም በሒሳብ ሰውነት አልታወቀም።

«እሺ፣ ብቸኛ ሆነም አልሆነም ምን ለውጥ ያመጣል?» የሚል አይጠፋም። ኮምፓስና ማስመሪያ ያላችሁ አውጡ። በኮምፓስና ምንም ቁጥር በሌለው ማስመሪያ ብቻ ሦስት ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን መሥራት ይቻላል። ጎኖቹም ማዕዘኖቹም እኩል የሆኑ አምስት ጎን ያለውም ይቻላል። ሰባት ጎን ያለው ግን አይቻልም፤ አሥራ አንድም አሥራ ሦስትም አይቻልም። ከጥንት ጀምሮ ሰው በዚህ ሲቸገር ኖሮ በ1796 ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ የሚባል የ18 ዓመት ጀርመናዊ 17 ጎን ያለው እንደሚቻል አሳየ። 3፣ 5፣ 17... የት እንዳየናቸው አስታወሳችሁ? የጎኑ ቁጥር ብቸኛ ከሆነ የሚቻለው በፌርማ ሰልፍ ውስጥ ሲገኝ ብቻ ነው። 257ም ይቻላል፣ 65,537ም ይቻላል። ሄርሜስ የተባለ ጀርመናዊ ስለ 65,537 ጎኑ ቅርጽ አሥር ዓመት ሙሉ ሠርቶ ወረቀቱን ለጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ አስረክቧል። ትዕግሥቱን አያችሁልኝ!

ፌርማ ትክክል ቢሆን ኖሮ 4,294,967,297 ጎን ያለው ቅርጽም በዚሁ ዝርዝር ይገባ ነበር። 641 ግን ዘጋው። ከትልቁ ቁጥር ውስጥ የተገኘው 641 በፌርማ ሰልፍ ውስጥ የለምና ቅርጹ በኮምፓስና በማስመሪያ አይሠራም።

ከዚያ በኋላ ያሉትስ? ሰባተኛው ቁጥር 18,446,744,073,709,551,617 ነው፤ ሃያ አሃዝ። በ1880 ላንድሪ የተባለ ፈረንሳዊ እሱም ብቸኛ እንዳልሆነ አገኘ፤ ለ274,177 ይካፈላል። ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሮችም ገብተውበት ብዙዎቹ ተፈትሸዋል፤ ከ65,537 በኋላ አንድም ብቸኛ አልተገኘም። የፌርማ አምስቱ አሁንም አምስት ናቸው። ስድስተኛ ይኑር አይኑር ዛሬም ድረስ ያረጋገጠ ሰው የለም።

የቤት ሥራ ልስጣችሁ። የላንድሪን 274,177 እኛ በተማርነው የቀሪ መንገድ መፈተሽ ይቻላል። 4,294,967,296ን ለ274,177 ስታካፍሉ 258,768 ይቀራል፤ እስከዚህ እኔ ሠርቼላችኋለሁ። 258,768ን በራሱ አባዙት፣ የመጣውን ለ274,177 አካፍሉ፣ ቀሪው ላይ አንድ ጨምሩ። ምን እንደመጣ ከነሥራው በወረቀት ላይ አድርጋችሁ፣ ክፍላችሁን ጽፋችሁ፣ የሚኒ ሚዲያው ሳጥን ውስጥ ጨምሩልን። ካልኩሌተር አይፈቀድም፤ ለነገሩ ትንሿም አትችለውም።